አክስቴ ከደሴ ያመጣቻት ጽጌረዳ

ባለፈው መጋቢት ለአንዲት ዘመዴ ሠርግ ቆቦ ወርጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ በጎማ አበባ ታጠጣለች። መጀመሪያ ውኃ የነካው አቧራ ሸተተኝ፤ እሱን ተከትሎ የጽጌረዳው መጣ። ሰው ጽጌረዳ ሲሸተው ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ፊቴ ጋለ። ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ «ኧረ ምን ሆኛለሁ?» አልኩ። የገባኝ ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አፍሬ ነበር። በዚህ ሽታ ማፈር የጀመርኩት ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ቆቦ ያልገባበት ዘመን ነው። አባቴ ሰይድ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል፤ ሽርጥ፣ ጀለብያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው። እሱም እንደዚያው ነው። ስሜ በክፉ ይነሳል ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነበር። እናቴ ፋጡማ ደግሞ የሱ ስም በክፉ ይነሳል ብላ እንቅልፍ ታጣለች። እዚያ ቤት ውስጥ ለጥ ብዬ የምተኛ እኔ ሐያት ብቻ ነበርኩ።

በማሽላ አጨዳ ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ ታናሽ እህት ዘሃራ ደጃችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ደሴ ከተዳረች ወዲህ የማውቃት ለዒድ ስትመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ከረሜላና የፀጉር ጌጥ ይዛልኝ ትመጣለች። ያን ቀን ዒድ አልነበረም። ከረሜላም የለም። በአንድ እጇ የልብስ ጥቅል ይዛለች፤ በሌላው እጇ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፋለች። ጨርቁን ስትፈታው ሁለት ድንች ወጡ። በየድንቹ ላይ አንዳንድ እሾሃም እንጨት ተሰክቷል።

«ይኼ ምንድነው አክስቴ?»

«ጽጌረዳ ነዋ ሐዩ። መንገድ ላይ እንዳትደርቅብኝ ድንች ውስጥ ሰካኋት። ጠጥታ ነው የመጣችው፤ ከኔ ትሻላለች።»

እኔ ዓይኔ ድንቹ ላይ ነበር። ለእራት መስሎኝ።

አባቴ አመሻሽ ላይ ገብቶ ሰላም አላት፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደሴ ብርድ ጥቂት ተባባሉና ለሶላት ተነሳ። በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ለእናቴ እንዲህ ሲላት ሰማሁ። «ይቺ ልጅ ጉድ ይዛብን መጣች። በልጉ ሳያልፍ ትዳር ትይዛለች፤ አለዚያ በመጣችበት አውቶብስ ትመለሳለች። ፈት እህቴን ጓዳዬ አስቀምጬ የገበያ መሳቂያ አልሆንም።»

እናቴ «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለችው። የመለሰችለት ይህንኑ ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ ያዝኩ የምለው «ጉድ ይዛብን መጣች» የሚለውን ነው። ይዛ የመጣችውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጉዱ እነዚያ ሁለት እሾሃም እንጨቶች ናቸው ማለት ነው። አንድ ቀን የሆነ ነገር ያወጣሉ፣ ምናልባት እባብ፣ እያልኩ ሳልፍ ሳገድም ከሩቅ እሰልላቸው ነበር።

በማግስቱ እናቴ ጓዳ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። «ስለ ደሴ ምንም እንዳትጠይቂያት፣ ሰምተሻል? ታዝናለች።» ግመል ከንፈሩ ለምን እንደተሰነጠቀ፣ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ሌሊቱን የት እንደምታድር፣ ያልጠየቅኩት ነገር የለም፤ ይህንን ግን እሺ ብዬ ተውኩት። ጨዋ ልጅ መሆኔ ነው።

ዘሃራ እንጨቶቿን የተከለቻቸው ጓሮ አይደለም። ደጃፍ ላይ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ የሚያልፍበት፣ አጥሩ ሥር። አፈሩን አስቆፈረችኝ፤ የከረመ የፍየል በጠጥ አደባለቀችበት፤ እንጨቱን አጋድማ፣ ዓይኑን ቆጥራ፣ ግማሹን ከመሬት በታች አደረገችው። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ቆሞ አየው።

«ጎመን ነው?»

«ጽጌረዳ ነው ወንድም ጋሼ።»

«ይበላል?»

«አይበላም። ይሸታል።»

አባቴ እኔን አየኝ፣ ሰማዩን አየ፣ ገባ። ቆቦ ላይ በዚያ ወር ሰው ለከብቱ የሚያጠጣው ውኃ ቸግሮት ነበር። ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፈን ተራ የምንጠብቀው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። በዚያ ውኃ የሚሸት ነገር ላብቅል ማለት በአባቴ ቤት የሚታሰብ አልነበረም።

እሷ ግን መላ አላጣችም። ለሶላት ስትነሳ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ደጃፍ ትወጣና ውዱእዋን ጽጌረዳዎቹ ላይ ታደርጋለች። የእጇ፣ የአፏ፣ የእግሯ ውኃ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ቆይታ እናቴን አግባባቻት፤ ቀጥላ እኔን። ጽጌረዳ በሶላት ሰዓት የምትጠጣበት ቤት የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አባቴን ግን አላገኘችውም። «እኔ ለአበባ ውዱእ አላደርግም» ብሎ መስጊድ ሄዶ ይታጠባል።

ከሁለቱ አንደኛዋ ብዙም ሳትቆይ ያዘች። ቅጠል አወጣች፣ ቀላ ያለ፣ እንደ ሰም የሚያበራ። ሁለተኛዋ ግን ቀጫጫ ነች። አትሞትም፣ አታድግም። ዘሃራ ለሷ ነበር የምትጨነቀው። «አብሽሪ፣ ይደርሳል፤ ማንም አያስቸኩልሽም» ትላታለች፤ እኔ እየሰማሁ። እኔ ደግሞ አክስቴ ከእንጨት ጋር ታወራለች ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ያሳፍረኝ ነበርና።

አንድ የገበያ ቀን አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ነድተው በደጃችን ሲያልፉ አንዱ ግመል አንገቱን ከእሾህ አጥሩ በላይ አሳልፎ የደህናዋን አናት ላጥ! ዘሃራ በባዶ እግሯ ወጥታ ግመሉን ከነባለቤቱ መንገድ ላይ አስቆመችው። ሰውየው አማርኛ አይችል፣ እሷ አፋርኛ አትችል፤ ተጨቃጨቁ፤ ግመሉ በመሃላቸው ያመነዥካል። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ምድር ብትውጠኝ ብዬ ለመንኩ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ሰውየው መጥቶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የግመል በጠጥ ደጃፋችን ላይ አራግፎላት ሄደ። ግመሉ በበላው በኩል ነው ኋላ ቅርንጫፍ አንዠርግጎ ያቆጠቆጠው።

ዋናው ጣጣ የመጣው በቀጫጫዋ በኩል ነው።

የካቲት ላይ ፀሐዩ ጠና። ከሜዳው፣ ከጎልጎሉ፣ የሚነሳው ንፋስ ትኩስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ፊታችን ላይ ይነፋል። ዘሃራ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጋ አመጣችና ፀሐይ ሲበረታ ቀጫጫዋን ትደፋባት ጀመር። ጥላው ሲጋደም ታነሳላትና፣ ጣሳዋ እንዳትጠፋ፣ አጥሩ ላይ ካለው ረጅም ችካል ጫፍ ላይ አፏን ወደ ታች አድርጋ ትሰቅላታለች።

የገባችሁ ገብቷችኋል። በቆቦ መንደር ውስጥ ደጃፍ ላይ እንጨት አቁሞ ጣሳ የሚደፋበት ሰው ምን እንደሚሸጥ ሕፃን ያውቃል፤ እዚህ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን ጠላ ተጠምቆ ስለማያውቅ ማናችንም አላሰብነውም። ከኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የእትዬ ታደሉ ጠላ ቤት አለ፤ እዚያ ጣሳ ተሰቅሎ ስናይ አድገን የራሳችንን አላየንም።

አንድ ቀን ወደ አስር ሰዓት ግድም ሁለት ጫኝና አውራጆች ዘው ብለው ገቡና አባቴ እንግዳ የሚያስቀምጥበት አግዳሚ ላይ ተዘረጉ። ማዳበሪያ ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ትከሻቸው ነጭ በነጭ ነው። እኔ የአባቴ ደንበኞች መሰሉኝ።

«ሚጡዬ፣ ቀዝቀዝ ያለውን እስቲ» አለኝ አንዱ።

ሮጬ ውኃ አመጣሁ። ብርጭቆውን አገላብጦ አየው።

«ይኼ ለእግራችን ነው?» አለ። ጓደኛው በሳቅ ወደቀ። «ጠላውን ነው እንጂ የኔ እመቤት! ወይስ አልደረሰም?»

እናቴ ሳቁን ሰምታ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ጠላ የሚለውን ስትሰማ ያየሁት ፊቷ አይረሳኝም። «አስተግፊሩላህ! በማን ቤት? በሰይድ ቤት?» ሰውየው ግራ ገብቶት በጣቱ ችካሉን አሳያት። ሁላችንም ዞረን አየን። ጣሳዋ እዚያ ላይ ተደፍታ በምዕራቡ ፀሐይ ታበራለች። እንዲያ ስታበራ ከመስጊዱ በር ድረስ ትታያለች።

ሰዎቹ ይቅርታ ብለው ወጡ፤ ወሬው ግን ከነሱ ቀድሞ ወጥቷል። እትዬ ታደሉ ደጃፏ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። «ፋጡማ! ደንበኞቼን ልትነጥቂኝ ነው? ንገሪኝ እንጂ፣ ጌሾውን ከኔ ትወስጂ ነበር!» ክፋት የላትም። እናቴ ግን ለሁለት ቀን ውኃ ልቅዳ ብላ አልወጣችም። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ «ሐያት፣ የዛሬው ጉሽ ነው ጥሩ?» ሲለኝ መምህሩ ሳይቀሩ ሳቁ። እንጀራ ፍርፍሬን ሳልበላ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ በዋናው መንገድ መሄድ ትቼ በሸለቆው ዳር እየዞርኩ እመላለስ ነበር። ዘሃራ አብራኝ ስትወጣ ኋላ እቀራለሁ፤ ጫማዬ ፈታ እያለ ነው እላታለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም። አውቃለች፤ ግን አንድም ቀን አልተናገረችኝም።

አባቴ የሰማው መስጊድ ውስጥ፣ ጫማ ሲያወልቅ ነው። ማታ ሲገባ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ እሱ ይብሳል። «ይቺን ጣሳ ከመሬት ከፍ ብላ ካየኋት ውርድ ከራሴ» አለ። ዘሃራ ጉንጯ በርበሬ መስሎ «ልክ ነህ ወንድም ጋሼ። አላሰብኩትም» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣሳዋ ማታ ማታ መሬት ላይ፣ እሾሁ ሥር ትቀመጣለች። ትንሿ ጽጌረዳም እንደ ምንም ቅጠል አወጣች።

አባቴ ግን ቁርጡን ይዞ ነበር። ለጎረቤት «ለጥየቃ ነው የመጣችው» ይላል፤ በውስጥ ደግሞ ለጎረቤት ከተማ ለዋጃ ሰዎች ፈት እህት አለችኝ ብሎ ልኳል። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለ ወፍጮ አለ፤ ልጆች አሉት፣ ጠባዩም ጥሩ ነው ይባላል። ይህንን ሁሉ እናቴ ለእኔ አልነገረችኝም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ለራሷ ስታጉረመርም ሰማሁ። ለዘሃራ ማንም አልነገራትም። እሷ ግን ቤቱ እየጠበባት እንደሆነ ይገባታል መሰለኝ፤ ሥራ አብዝታ ነበር። ሳትታዘዝ ትጠርጋለች፣ ሳትታዘዝ ቦኖ ትሰለፋለች። ምግብ ስትበላ ከሁሉ ኋላ ትቀርብና ከሁሉ በፊት ትነሳለች።

መጋቢት ገብቶ በልጉ ዘገየ ሲባል አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ብዙም አይደለም፤ መሬቱ ሽታውን እስኪያወጣ ያህል ነው። በዚያ ሳምንት ደህናዋ ጽጌረዳ ፈነዳች። ቀይ ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ፈዛዛ ሮዝ ነች፣ የድመት ግልገል ምላስ ዓይነት። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ሁሉ። ሽታው መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ሸክማቸውን እንደያዙ ቆም ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ሸቷቸው በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርዳሉ። እትዬ ታደሉ ለልጇ የክርስትና ቀን አንዲት ዘለላ ለመነች፤ ዘሃራ ሦስት ቆረጠችላት። ከመጣች ጀምሮ ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

እኔም ከዚያ እንጨት እባብ እንደማይወጣ አመንኩ። ታዲያ ጉዱ ምኑ ላይ ነው? ብዬ ግራ ገባኝ።

የዋጃ ሽማግሌዎች የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። አባቴ ጠዋት ለዘሃራ የነገራት ይህንን ብቻ ነው፤ «እንግዶች ይመጣሉ፤ አንቺ ጓዳ ሁኚ።» እሷም «እሺ ወንድም ጋሼ» አለች። እናቴ ቤቱን ገለበጠችው። ምንጣፍ አራገፈች፣ ደጃፍ ጠረገች፣ አቧራው እንዲተኛ ውኃ ረጨች፤ መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይነሳ ብላ ጀሪካኑን ጓሮ፣ መጥረጊያውን ጥግ፣ ጣሳዋን ደግሞ በጥድፊያ ችካሉ ላይ አደረገች። አዎ፣ እናቴ ራሷ! ጣሳዋን ስትረግም የከረመችው እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ከአስር ሶላት በኋላ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ሸህ ሙሄ የሚባሉ፣ ዘንጋቸውን ቀድመው የሚልኩ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆሙ። አይገቡም። እኔ ምን ነካቸው ብዬ ሳይ አግዳሚው ላይ፣ ለእንግዶቹ በተነጠፈው ንጹሕ ፎጣ ላይ፣ ሌሎች ሁለት ጫኝና አውራጆች ጉብ ብለዋል። በየት በኩል እንደገቡ አላህ ይወቅ። አንዱ ሸህ ሙሄን ሲያይ ጨዋ ነውና ጠጋ አለ።

«ይግቡ አባቴ፣ ቦታ አለ» አላቸው።

አባቴ ከቤት ወጣ። ሰዎቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹ የሚያዩትን ችካል አየ። አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ሮጠ። ጣሳዋን ከችካሉ ነጥቆ በደረቱ ይዞ «ለአበባ ነው! ወላሂ ለአበባ ነው!» አለ። ያ ከሰው ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያወራ ሰው፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ጣሳ ታቅፎ ለአበባ ይምላል። እኔ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። በጣቶቼ መሃል ግን አያለሁ።

ሸህ ሙሄ ቀስ ብለው ወደ ጽጌረዳው ጎንበስ አሉ። አሸተቱ። ሰለዋት አወረዱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ነው። «ሱብሃነላህ! ሰይድ፣ እኔ'ኮ ባለ ወፍጯችን ነገ ጠላ ጠማቂ ሊያገባ ነው ብዬ ልመለስ ነበር!» ሁሉም ሳቁ። ጫኝና አውራጆቹም ሳቁ፤ እትዬ ታደሉ መጥታ በክንዳቸው ይዛ ወደ ራሷ ወሰደቻቸው። አባቴም ላቡን እየጠረገ ሳቀ። ይህ ሁሉ ስንፈራው የከረምነው ውርደት በአንድ ሳቅ አለፈ። እኔ ውስጤ ቅልል አለኝ፤ አለቀ ብዬ።

ገቡ። ሻይ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ስለ በልጉ ተወራ፣ ስለ ወፍጮው ተወራ። እኔ ስኳሩን ይዤ በር ጥግ ቆሜያለሁ። ነገሩ እየሰመረ ነው። አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ ተደላድሏል።

ሸህ ሙሄ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሥርዓቱ ነው። ዒዳዋን ጨርሳለች?»

ዒዳ የተፈታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትቆየው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ባላውቀውም አባቴ ሲርበተበት አየሁ።

«አዎ… ማለቴ፣ ከመጣች'ኮ ከራርማለች።»

«መምጣቷን አይደለም። የፈታት መቼ ነው? በማን ፊት ነው?»

አባቴ የሻዩን ብርጭቆ በጣቱ አዞረ።

«ፈትቷታል ወይ ሰይድ?»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ የሻይ ትሪውን ታያለች። ከዚያ፣ አላህ ያውቃል፣ እኔን አየኝ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ ስኳር የያዘች። እኔም የማውቀው የለኝም። አትጠይቂ ተብያለሁ።

«አላውቅም» አለ አባቴ።

«እሷስ ምን አለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

ሸህ ሙሄ ዝቅ ባለ ድምፅ «አስተግፊሩላህ፣ የሰው ሚስት ልንጠይቅ ነው እንዴ የመጣነው?» አሉ። ከሳቸው ጋር የመጡት አንደኛው ሰውዬ፣ እስከዚያ ቃል ያልተነፈሱ፣ ለስድብም አይደለም፣ እንዲያው ገርሟቸው ነው፣ «ወንድሟ አይደለህ እንዴ?» አሉት።

ከማሽላ አጨዳ እስከ በልግ ድረስ እህቱ በቤቱ ውላ ታድራለች። በልታ አልበላች፣ ተኝታ አልተኛች፣ የሚጠይቅ የለም። ስለ ስሙ ተጨንቋል፣ ስለ ጣሳው ተጨንቋል። ለምን መጣሽ ግን አላላትም። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እናቴም አላለችም፤ እትዬ ታደሉም ሳቂታዋ አላለችም፤ አክስቴ ከጽጌረዳዋ ጋር ስታወራ እየሰማሁ እኔም አላልኩም። ዝም ማለታችንን ጨዋነት አድርገን ይዘነው ነበር። ጉድ ማለት ይኼ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከደሴ የመጣ አይደለም።

«ጥሯት» አሉ ሸህ ሙሄ።

መጥራት አላስፈለገም፤ የጓዳው መጋረጃ ስስ ነው። ዘሃራ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን አጥብቃለች፣ እጇ ላይ አፈር አለ።

«ልጄ፣ ፈትቶሻል?»

«አልፈታኝም አባቴ። ልጅ አልወለድሽም ብሎ ሌላ አገባ። ማግባቱስ ይሁን፤ ቤቴን ለሷ ሰጥቶ እኔን ኩሽና አስተኛኝ። ወንድም ጋሼ ጋ ሄጄ ልንገረው፣ እሱ ሰው ይልክልኛል፣ ይናገርልኛል ብዬ መጣሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባቴ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«የመጣሁ ዕለት ልነግርህ ነበር። ስለ ደሴ ብርድ ጠይቀኸኝ ወደ ሶላትህ ሄድክ። ነገ ይጠይቀኛል አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ቆይቶ እንደማትጠይቀኝ ሲገባኝ አፈርኩ። ራሴ ልጀምር ብል ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለኝ።» እንባዋ አልመጣም። ቢመጣ ይሻለን ነበር። «ምን ሆነሽ መጣሽ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር ወንድም ጋሼ።»

እናቴ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። የያዝኩት ስኳር እጄ ላይ መቅለጥ ጀምሯል፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ሸህ ሙሄ ዘንጋቸውን ሁለት ጊዜ አንከባለሉ። «አሁንስ ምን ይሁንልሽ? አንቺው ተናገሪ።»

ለአፍታ አሰበች። ይህንን ጥያቄ ማንም ጠይቋት የሚያውቅ አልመሰለኝም። «ሰው ሄዶ ያናግርልኝና ይፍታኝ። ከዚያ ለጊዜው ለማንም አትዳሩኝ፤ ባለ ወፍጮውን ንቄ አይደለም። ትንሽ መቀመጥ ነው የምፈልገው። እሠራለሁ፣ ሸክም አልሆንም።» ቆም አለች። «ወንድም ጋሼ ቤቱ ካልጠበበው።»

«ደሴ እኛው እንሄዳለን» አሉ ሸህ ሙሄ ወዲያው። «ልናጋባ መጥተን ልናፋታ ልንሄድ ነው፤ እንግዲህ የአላህ ሥራ ነው። አብሽሪ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «የቤቱ ጉዳይ ግን ያንተ ነው ሰይድ።»

ሁሉም አባቴን አየው። እኔ በልቤ በል፣ በል እለዋለሁ። አባቴ ከንፈሩን አላወሰ። ብዙ አልቆየም፤ እኔ ግን ቆይታውን አሁንም ድረስ አውቃታለሁ። ከሰው አፍ የሚወጣውን እያሰበ ነበር።

«አልጠበበኝም» አለ።

ሸህ ሙሄ «አልሃምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እናቴ ዘረጋች፣ የዋጃ ሰዎች ዘረጉ፣ እኔም ስኳር የተቀባ እጄን ዘረጋሁ፤ አሚን አልን። አክስቴ ብቻ እጇን አልዘረጋችም። አባቴን ታየው ነበር፤ ቀና ብሎ እስኪያያት ድረስ ልትጠብቀው የቆረጠች ትመስላለች። ዱዓው አለቀ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ፤ አባቴ ግን ምንጣፉን እያየ እንደተቀመጠ ነበር።